የአለቃ ፊርማ ወይስ የአለቃ ሰዓት? ለጥራት ሥራ አመራር ሥርዓት የከፍተኛ አመራር ድጋፍ ማግኛ መንገዶች ሲነጻጸሩ

«ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ቀጥሉበት።» ጥራት ክፍል ውስጥ ጥቂት ዓመት የቆየ ሰው ይህን ሰምቶ ደስ ብሎት ከሥራ አስኪያጁ ቢሮ የወጣበት ቀን አይጠፋውም። ሳምንት ሳይሞላ ግን ሥልጠናው ላይ መገኘት የነበረባቸው የፈረቃ ኃላፊዎች ሥራ በዝቶብናል ብለው ይቀራሉ፤ የመለኪያ መሣሪያዎቹ ካሊብሬሽን (ልክነታቸውን ማረጋገጥ) ለሚቀጥለው ሩብ ዓመት ይገፋል፤ ወሩ ሊያልቅ ሲል ደግሞ የፍተሻ ውጤቱ ያልወጣ ምርት «ደንበኛ እየጠበቀ ነው» ተብሎ መኪና ላይ ይጫናል። ሥራ አስኪያጁ አልዋሹም። የጠየቅናቸው ፈቃድ ነበር፣ ፈቀዱ።

ስለዚህ መንገዶቹን ከማነጻጸር በፊት የምንፈልገው ድጋፍ የትኛው እንደሆነ እንለይ። ድጋፍ ሦስት እርከን አለው። የመጀመሪያው ፈቃድ ነው፤ አለቃው አይቃወሙም። ሁለተኛው በጀት ነው፤ አማካሪ ይቀጠራል፣ ሥልጠና ይሰጣል፣ መሣሪያ ይገዛል። ሦስተኛው ሰዓት ነው፤ አለቃው ራሳቸው ስብሰባው ላይ ይቀመጣሉ፣ ቁጥሩን ያነባሉ፣ «ይጫን አይጫን» የሚለው ክርክር ሲነሳ ውሳኔ ይሰጣሉ። እኔ በጀት ኖሮት የአለቃ ሰዓት ከሌለው ሥርዓት ይልቅ ሰዓት ኖሮት በጀት የጎደለውን እመርጣለሁ። የመጀመሪያው የሚያምር ማኑዋል ይዞ መደርደሪያ ላይ ይቀራል።

ለጥራት ሥራ አመራር ሥርዓት የወጣው ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ አይኤስኦ 9001፣ ራሱ ወደዚህ አቋም የደረሰው ቀስ ብሎ ነው። ደረጃው መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1987 ሲሆን በ1994፣ በ2000፣ በ2008 እና በ2015 ተከልሷል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። እስከ 2008ቱ እትም ድረስ «የአመራር ተወካይ» መሾም ግዴታ ነበር። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፤ በተግባር ግን ብዙ አለቆች ጥራትን ለተወካዩ አስረክበው የሚገላገሉበት በር ሆነ። የ2015ቱ እትም ያንን ግዴታ አነሳ፤ «የአስተዳደር ኃላፊነት» ይባል የነበረውን አንቀጽ 5ም «መሪነት» ብሎ ሰየመው። አንቀጽ 5.1.1 ከከፍተኛ አመራር የሚጠበቁ 10 ነገሮችን ይዘረዝራል። ግሦቹን ልብ ብላችሁ አንብቧቸው። «መደረጉን ማረጋገጥ» የተባለውን አለቃው በሌላ ሰው ሊያሠሩት ይችላሉ። ለሥርዓቱ ውጤታማነት ተጠያቂ መሆንን፣ የጥራትን አስፈላጊነት ለሠራተኛው መናገርን፣ ሰዎችን ማሳተፍንና መደገፍን ግን ለማንም አያስተላልፏቸውም። ኦዲተር መጥቶ ዋና ሥራ አስኪያጁን ብቻቸውን አስቀምጦ የሚጠይቀውም ስለዚህ ነው።

ወደ ሦስተኛው እርከን፣ ወደ አለቃው ሰዓት፣ የሚያደርሱ አምስት መንገዶች አውቃለሁ። እኩል አይደሉም፣ እኩል ቦታም አልሰጣቸውም።

አንደኛ፦ በገንዘብ ቋንቋ

የጥራት ሊቁ ጆሴፍ ጁራን የተናገረው አንድ ነገር እስከ ዛሬ ይሠራል። የሥራው ወለል ላይ ያለው ሰው የሚናገረው በቁሳቁስ ቋንቋ ነው፦ ስንት ፍሬ፣ ስንት ኪሎ፣ ስንት ሰዓት። ላይ ያለው የሚናገረው በገንዘብ ቋንቋ ነው። መካከል ያለው ሰው ሁለቱንም መቻል አለበት። እኛ የጥራት ሰዎች ግን አብዛኛውን ጊዜ ለአለቃው «የኢ-ተስማሚነት መጠን (መስፈርቱን ያላሟላ ምርት) ከ3.1 ወደ 4.6 በመቶ ከፍ ብሏል» የሚል ሪፖርት ይዘን እንገባለን፤ እሳቸውም ጭንቅላታቸውን ነቅነቅ አድርገው ወደ ሽያጩ ሪፖርት ይሄዳሉ። ጁራን በ1951 ሊወገድ የሚችለውን የስህተት ወጪ ማዕድን ውስጥ ካለ ወርቅ ጋር አመሳስሎታል። ሌላው የጥራት ባለሙያ አርማንድ ፋይገንባውም በ1956 የጥራት ወጪን የመከላከያ፣ የምዘና እና የስህተት ብሎ ከፈለው። የስህተቱ ወጪ ደግሞ ምርቱ ከግቢ ሳይወጣ የተገኘ እና ደንበኛ እጅ ከደረሰ በኋላ የተገኘ ተብሎ ለሁለት ይከፈላል። ዛሬም የምንሠራው በእነዚህ አራት ሳጥኖች ነው።

በምሳሌ እንየው። በዓመት 200 ሚሊዮን የሚሸጥ፣ 16 ሚሊዮን የሚያተርፍ አምራች ድርጅት እናስብ፤ የገንዘቡ ዓይነት ለስሌቱ ለውጥ የለውም። ከመዝገቡ የሚከተሉት ወጡ እንበል፦ ውድቅ የሆነ ምርት 3.2 ሚሊዮን፣ እንደገና ለመሥራት የወጣ የሰው ጉልበት 1.8፣ ለተመላሽና ለዋስትና 4፣ ምትክ ምርት በጥድፊያ ለማጓጓዝ 0.9፣ ቅሬታ ላቀረቡ ደንበኞች የተደረገ የዋጋ ቅናሽ 1.1። ድምሩ 11 ሚሊዮን ነው። ከሽያጭ 5.5 በመቶ መሆኑን ከተናገራችሁ ማንም አይደነግጥም። ከትርፉ ከሁለት ሦስተኛ በላይ መሆኑን ከተናገራችሁ ግን ክፍሉ ጸጥ ይላል። ቁጥሩ ያው ነው፣ የተነጻጸረበት ነገር ነው የተለወጠው።

እዚያው ላይ ወሬውን ወደ ሽያጭ መውሰድ ይቻላል። ከ11 ሚሊዮኑ አንድ አምስተኛውን ብንቀንስ 2.2 ሚሊዮን ትርፍ ነው። ትርፉ ከሽያጭ 8 በመቶ በሆነበት ድርጅት ያንኑ 2.2 ሚሊዮን በሽያጭ ለማምጣት ተጨማሪ 27.5 ሚሊዮን መሸጥ ያስፈልጋል። ይህን ስትሉ ጠንቃቃ የፋይናንስ ኃላፊ ይቃወሟችኋል፤ ተጨማሪ ሽያጭ ሲመጣ ቋሚ ወጪ በዚያው ልክ አያድግም ይላሉ። ትክክል ናቸው። እንግዲያው በእሳቸው ስሌት እናድርገው፣ ከተጨማሪው ሽያጭ ለምሳሌ 25 በመቶው ትርፍ ይሁን፤ አሁንም 8.8 ሚሊዮን ተጨማሪ ሽያጭ ነው። ደካማውን ቁጥር ራሳችሁ አስቀድማችሁ ብታቀርቡት ደግሞ የተሻለ ነው።

ይህ መንገድ የሚወድቅባቸው ጉድጓዶች አሉ፣ ሦስቱን ደጋግሜ አይቻለሁ።

አንደኛው የተዋሰ መቶኛ ነው። «የጥራት ጉድለት ከሽያጭ ይህን ያህል በመቶ ይበላል» የሚል ከየትም የተለቀመ ቁጥር ይዞ መግባት። አለቃው «የእኛ ስንት ነው?» ብለው ሲጠይቁ መልስ የለም፤ ከዚያ በኋላ የእናንተ ቁጥር ሁሉ ይጠረጠራል። ትንሽም ቢሆን ከራሳችሁ መዝገብ የወጣ ይሻላል።

ሁለተኛው የሚታየውንና የማይታየውን ወጪ መቀላቀል ነው። የጠፋ ደንበኛ፣ የተበላሸ ስም፣ የሠራተኛ ሞራል እውነተኛ ወጪዎች ናቸው፤ ግን ደረሰኝ የላቸውም። ደረሰኝ ያለውን ለብቻ አድርጉት። የሌለውን ከሥር በቃላት ጻፉት፣ አትደምሩት።

ሦስተኛው ረቀቅ ያለ ነው። ዳግም ሥራ ላይ የጠፋን 1.8 ሚሊዮን የሰው ጉልበት «እናድናለን» ስትሉ ሠራተኛው ደመወዙን እንደተከፈለው ነው፤ ካዝና ውስጥ የሚገባ ነገር የለም። ያ ሰዓት ገንዘብ የሚሆነው የትርፍ ሰዓት ክፍያ ሲቀንስ ወይም በተለቀቀው ጊዜ የሚሸጥ ተጨማሪ ምርት ሲወጣ ብቻ ነው። ይህን ራሳችሁ ለይታችሁ ካቀረባችሁ የፋይናንስ ኃላፊው ከጎናችሁ ይቆማሉ። ካላቀረባችሁት ስብሰባው ላይ ያወጡታል፤ ያን ጊዜ ዘጠኙ ትክክለኛ ቁጥር በአንዱ ይወድቃል።

ለዚህ ነው ከዋናው ሥራ አስኪያጅ በፊት የፋይናንስ ኃላፊው ቢሮ ግቡ የምለው። ሁለት ሳምንት አብራችሁ ብትሠሩና ሰነዱ ላይ «በፋይናንስ ክፍል የተረጋገጠ» የሚል ቢኖር ከአሥር ገጽ ማብራሪያ ይበልጣል። የአገልግሎት ድርጅት ውስጥ ከሆናችሁ ውድቅ ምርት የለም ብላችሁ አትተዉት፤ ሁለት ጊዜ የተሞላ ፎርም፣ የተመለሰ ክፍያ፣ በስህተት የተላከ ዕቃ፣ አንድን ቅሬታ ለመፍታት የተደረጉ ስድስት ስልኮች አሉ። መቁጠሩ ትንሽ ይከብዳል እንጂ ወጪው አለ።

ሁለተኛ፦ በደንበኛና በገበያ በኩል

ከሁሉም የሚፈጥነው ይህ ነው። ትልቅ ደንበኛ ወይም የጨረታ ሰነድ «የአይኤስኦ 9001 ሰርተፍኬት ያለው» ካለ፣ ሦስት ዓመት ያልተገኘ በጀት በሦስት ቀን ይገኛል። በአንዳንድ ዘርፎች ምርጫ እንኳ የለም፤ የመኪና ክፍል አቅራቢዎች በአይኤቲኤፍ 16949፣ የአውሮፕላን ክፍል አቅራቢዎች በኤኤስ 9100 ይጠየቃሉ።

ችግሩ አለቃው የገዙት ሰርተፍኬቱን እንጂ ሥርዓቱን አለመሆኑ ነው። ድጋፉ ከአንገት በላይ ይሆናል። ኦዲተር ሊመጣ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ግርግር፣ ኦዲተር ሲሄድ ዝምታ። የሰርተፍኬት ዑደት ሦስት ዓመት ነው፤ በመካከሉ በየዓመቱ የክትትል ኦዲት ይደረጋል። በዚህ መንገድ ብቻ የገባ ድርጅት በዓመት አንድ ጊዜ የሚነቃ ሥርዓት ይኖረዋል።

ያም ሆኖ አትናቁት። ጥሩ አጠቃቀም አለው፦ አለቃው ሰርተፍኬቱን በፈለጉበት ሰሞን፣ ሰርተፍኬት ባይኖርም የምትፈልጓቸውን ነገሮች አስገቡ። የአመራር ግምገማ (አለቃው ሥርዓቱ እንዴት እየሠራ እንደሆነ የሚያዩበት ስብሰባ) በየወሩ እንዲሆን፣ ምርት የማስቆም ሥልጣን በጽሑፍ እንዲሰጥ፣ የደንበኛ ቅሬታ ማጠቃለያ አለቃው ጠረጴዛ ላይ እንዲደርስ። በኋላ ብትጠይቁ የማይገኝ ነው። አንድ ነገር ደግሞ ለአለቃው በግልጽ ንገሯቸው፦ ሰርተፍኬት የሚሰጠው አይኤስኦ ራሱ አይደለም፣ ገለልተኛ የማረጋገጫ ድርጅቶች ናቸው፤ ደረጃውም ሰርተፍኬት ውሰዱ ብሎ አያስገድድም። ሰርተፍኬት የሚያስፈልገው ደንበኛ ስለጠየቀ ከሆነ እንዲያ ብላችሁ አቅርቡት። «ሰርተፍኬት ከወሰድን ጥራታችን ይሻሻላል» ብሎ ቃል መግባት በዓመቱ የሚያሳፍር ነገር ነው።

ሦስተኛ፦ በሥጋት

በ1975 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የወሰነው አንድ ጉዳይ አለ። አክሚ ማርኬትስ የተባለው የምግብ ሸቀጥ ኩባንያ መጋዘን ውስጥ አይጦች ገብተው ምግቡን በክለዋል። የኩባንያው ፕሬዚዳንት ፓርክ ኃላፊነቱን ለሚያምናቸው የበታች ኃላፊዎች መስጠቱን ተናግሮ ተከራከረ። ፍርድ ቤቱ አልተቀበለውም፤ ችግሩን የመከላከልና የማረም ሥልጣን በእጁ ስለነበረ በግሉ ጥፋተኛ ነው አለ። ቅጣቱ በአምስት ክስ 50፣ 50 ዶላር፣ በድምሩ 250 ዶላር ነበር። ከገንዘቡ ይልቅ ፍርዱ ነው ትልቁ፦ «ለሰው አስረክቤያለሁ» የሚለው መከላከያ አልሠራም።

እንዲህ ያለ ታሪክ ሕግ በሚጠብቃቸው ዘርፎች፣ በምግብ፣ በመድኃኒት፣ በሕክምና መሣሪያ፣ አለቃን ያነቃል። ሌላም ዓይነት አለ። ሳምሰንግ በ2016 ጋላክሲ ኖት 7ን ለመሰብሰብ ሲጠራ የመጀመሪያው ጥሪ 2.5 ሚሊዮን ያህል ስልኮችን የሚመለከት ነበር፤ በምትካቸው የተሰጡትም መቃጠል ሲጀምሩ ገበያ ላይ በዋለ በሁለት ወሩ ምርቱን ጨርሶ አቆመው።

ግን የሌላ ሰው ቤት ቃጠሎ የሚያስፈራው ለጥቂት ቀን ነው። አለቃው «እኛ ጋ ደርሶ ያውቃል?» ብለው ሲጠይቁ «አያውቅም» ካላችሁ ወሬው እዚያው አበቃ። ሁለተኛ ጊዜ በዚያው መንገድ ስትመጡ ደግሞ ጥራት ክፍል ሁሌም አስፈራሪ ነው መባል ይጀመራል። ሥጋትን ለመጠቀም የፈለገ ከራሱ ድርጅት ለጥቂት የተረፉትን ክስተቶች ይሰብስብ፦ ሊጫን ሲል የተያዘው የተሳሳተ መለያ የተለጠፈበት ምርት፣ ደንበኛው ራሱ አግኝቶት ዝም ብሎ የመለሰው ዕቃ። ሦስት እንዲህ ያሉ የራስ ታሪኮች፣ ቀንና የምርት ቁጥር ያላቸው፣ ከሳምሰንግ ይበልጣሉ። ሥጋትን በር መክፈቻ እንጂ ቤት መሥሪያ አላደርገውም።

አራተኛ፦ በትንሽ ሙከራ

አለቃው ወረቀት የማያምኑ፣ ያዩትን ብቻ የሚያምኑ ከሆኑ ሰነዱን ተዉትና አንድ መስመር ምረጡ። 90 ቀን በቂ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው የመጀመሪያው እርከን ድጋፍ፣ ያ «ቀጥሉበት» የሚለው፣ ብቻ ስለሆነ ባዶ የመሰለው ፈቃድም ጥቅም አለው ማለት ነው።

አመራረጡ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሥራው የተስተካከለበትን ምርጥ መስመር ይወስዳሉ፤ እዚያ የሚሻሻል ነገር የለም። ወይም ከሁሉም የተበላሸውን ይወስዳሉ፤ እዚያ ማሽኑ አርጅቶ፣ ሠራተኛው ለቅቆ፣ በ90 ቀን የሚድን አይደለም። ሕመሙ የሚታይበት፣ ግን ኃላፊው ፈቃደኛ የሆነበትን ፈልጉ። ከሁለቱ አንዱን ምረጡ ብትሉኝ ፈቃደኛ ኃላፊውን እመርጣለሁ።

ከመጀመራችሁ በፊት የነበረውን ለኩ። ይህን ሳያደርግ ጀምሮ መጨረሻ ላይ «በጣም ተሻሽሏል» የሚል ሰው ሞልቷል፤ ከምን ጋር? ቢያንስ የስድስት ወር የኋላ ቁጥር ያስፈልጋል፣ ካልሆነ የአንድ ጥሩ ወር አጋጣሚ መሻሻል መስሎ ይታያል። የምትለኩት ነገርም አስቀድሞ ሌላ ክፍል የሚቆጥረው ይሁን፦ መጋዘን የሚመዘግበው ተመላሽ፣ ፋይናንስ የሚመዘግበው ውድቅ ምርት። በራሳችሁ መዝገብ ብቻ ያለ መሻሻል የራሳችሁ መሻሻል ሆኖ ይቀራል።

የዚህ መንገድ ድክመት መዛመት አለመቻሉ ነው። ሙከራው የተሳካው ጥሩ ጥሩ ሰዎች እዚያ ስለተሰበሰቡ፣ እናንተም በየቀኑ ስለተገኛችሁ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መጨረሻው ላይ የምታቀርቡት ውጤቱን ብቻ አይሁን፤ ሁለተኛው መስመር እናንተ ሳትኖሩ እንዲሠራ ምን እንደሚያስፈልግም ይኑርበት። ሦስተኛው እርከን ድጋፍ የሚጠየቀው እዚያ ገጽ ላይ ነው።

አምስተኛ፦ በውጭ ሰው አፍ

እናንተ አራት ዓመት የተናገራችሁትን አማካሪ በሁለት ቀን ውስጥ በሰባት ስላይድ ሲናገረው አለቃው «ይህን ለምን አልነገራችሁኝም?» ይላሉ። ያናድዳል። ተናደዱና ተጠቀሙበት። የክፍተት ዳሰሳ (ያለው አሠራር ከደረጃው ምን እንደሚጎድለው ማየት) በውጭ ባለሙያ ማስደረግ ርካሽ ባይሆንም አለቃው ፊት የሚኖረው ክብደት ሌላ ነው። አንድ ገደብ ግን አስቀምጡ፦ አማካሪው ይመርምር፣ ያስተምር፣ ሰነዱን ግን አይጻፍላችሁ። አማካሪ የጻፈውን ማኑዋል ያነበበ የፈረቃ ኃላፊ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ከአማካሪ የሚረክሰውና እኔ የበለጠ የማምንበት ሌላ የውጭ ሰው አለ፤ ሌላ አለቃ። ሥርዓቱን ዘርግቶ የሠራበትን ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ከእናንተው አለቃ ጋር ማገናኘት ከተቻለ ይበቃል፣ ግማሽ ቀን ጉብኝት፣ ሁለቱ ብቻቸውን የሚያወሩበት አንድ ሰዓት ጨምሮ። እኛ የማንመልሰውን ጥያቄ እዚያ ይጠይቃሉ፦ «እውነት አሁን ስንት ሰዓት ይወስድብዎታል?»

ታዲያ የትኛውን?

የሚወስነው ወንበሩ ላይ ያለው ሰው ነው። በጥቅሉ «ከፍተኛ አመራር» የሚባል ሰው የለም።

ድርጅቱን ከባዶ ያቆሙ ባለቤት ከሆኑ፣ በገንዘብ ብቻ አትምጡ። ስማቸው ነው ምርቱ ላይ ያለው፤ ተመላሹን ዕቃ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጡት፣ ደንበኛው የጻፈውን ደብዳቤ አንብቡላቸው፣ ከዚያ ወደ ሙከራ ሂዱ። ባለቤት ከሰንጠረዥ ይልቅ በዓይኑ ያየውን ያምናል። የሚከብደው ሌላ ነው፦ ሁሉንም ነገር ራሳቸው መወሰን የለመዱ ስለሆኑ ሥርዓቱን ሥልጣናቸውን የሚወስድ አድርገው ያዩታል። «እርስዎ በሌሉበት እርስዎ እንደሚፈልጉት እንዲሠራ» የሚለው አቀራረብ ሲያግዝ አይቻለሁ።

ቦርድ የቀጠራቸው፣ የሥራ ዘመናቸው የተወሰነ ሥራ አስኪያጅ ከሆኑ፣ ጥያቄያቸው «በእኔ ጊዜ ምን ይታያል?» ነው። ለእሳቸው ገንዘቡና ደንበኛው አንድ ላይ ይሠራሉ፤ በዓመት ውስጥ ለቦርድ የሚቀርብ ቁጥር ያስፈልጋቸዋል። በአምስተኛው ዓመት ፍሬ የሚያፈራ ዕቅድ አታቅርቡላቸው፤ ትልቁን ዕቅድ ያዙ፣ ግን በዘጠነኛው ወር የሚታየውን ክፍል አስቀድሙ።

ከፋይናንስ የመጡ ከሆኑ መልሱ ግልጽ ነው። ከምሕንድስና የመጡ ከሆኑ ግን ተጠንቀቁ፤ የጥራት ቴክኒክ ይወዳሉ፣ ስለ ስታቲስቲክስ ቻርት አንድ ሰዓት ያወራሉ፣ እናንተም ድጋፍ ያገኛችሁ ይመስላችኋል። ቴክኒኩን መውደድና ሥርዓቱን መምራት የተለያዩ ናቸው። እንዲህ ያሉትን ወደ ውሳኔው መልሷቸው።

የመንግሥት ወይም ለትርፍ ያልቆመ ተቋም ኃላፊ ጋ ትርፍ የሚባል ቋንቋ የለም። እዚያ ጊዜና ቅሬታ ናቸው ገንዘቡ፦ አንድ ጉዳይ ስንት ቀን ይፈጃል፣ ስንቱ ተመልሶ ይመጣል፣ ስንት ባለጉዳይ ወደ በላይ አካል አቤት ይላል።

አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ በቀጥታ ወደ ላይ መውጣት ነው ወይስ መካከለኛ ኃላፊዎችን ይዞ ከታች መጀመር? ታሪኩ ወደ አንድ ወገን ያደላል። አሜሪካዊው የስታቲስቲክስና የጥራት ሊቅ ኤድዋርድስ ዴሚንግ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካ ውስጥ ብዙ መሐንዲሶች ስታቲስቲካዊ የጥራት ቁጥጥር እንዲማሩ አግዞ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ትምህርቱ ተነነ፤ እሱ እንደሚለው ምክንያቱ አመራሩ አለማወቁ ነበር። በ1950 ጃፓን ሲሄድ የድርጅት መሪዎችን ራሳቸውን ማግኘት ፈለገ፤ የጃፓን ትልልቅ ድርጅቶችን ማኅበር (ኬይዳንረንን) ይመሩ የነበሩት ኢቺሮ ኢሺካዋም ሰበሰቡለት። ጁራንም በ1954 እዚያ ያስተማረው ከፍተኛና መካከለኛ አመራሮችን ነው። ሁለቱም ወደ ላይ ሄዱ። ግን አስተውሉ፤ በር የከፈተላቸው አለቆቹ የሚያከብሩት ሰው ነበር። ኢሺካዋ የሌለው የጥራት ኃላፊ ደረጃውን ዘልሎ አለቃ ቢሮ ቢገባ የምርት ኃላፊውን ጠላት አድርጎ ይወጣል። ስለዚህ የእኔ ቅደም ተከተል፦ መጀመሪያ ፋይናንስ፣ ቀጥሎ ምርት ወይም ኦፕሬሽን፣ ከዚያ ሦስታችሁ አብራችሁ አለቃው ጋ።

ስትገቡ ምን ትጠይቃላችሁ?

የትኛውንም መንገድ ብትመርጡ «ድጋፍዎን እንፈልጋለን» አትበሉ። መልሱ «አላችሁ» ነው፣ ተመልሳችሁ መነሻው ላይ ናችሁ። በሰዓትና በቀን የሚቆጠር ነገር ጠይቁ።

በወር አንድ ሰዓት ከቀን ጋር፣ በራሳቸው ማስታወሻ ላይ የተያዘ። ደረጃው የአመራር ግምገማ «በታቀደ የጊዜ ልዩነት» ይደረግ ይላል እንጂ በዓመት አንዴ አይልም፤ በዓመት አንዴ የሚደረገው አራት ሰዓት የሚፈጅ ስብሰባ ሬሳ መመርመር ነው። አጭሩ ወርኃዊ ይበልጣል፣ ምክንያቱም ባለፈው ወር የወሰኑት ምን እንደደረሰ ስለሚጠይቁ።

የአጀንዳው ቅደም ተከተል። የሞቶሮላ ኩባንያ መሪ የነበረው ቦብ ጋልቪን በስብሰባ ላይ ጥራትን የመጀመሪያ አጀንዳ ያደርግ ነበር፤ ፋይናንሱ ሲደርስ ጥሎ ይወጣ ነበር ይባላል። ከዚያ በኋላ ዋናው ነገር የቱ እንደሆነ ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም።

በጽሑፍ የተሰጠ የማስቆም ሥልጣን። ማን ምርት ማስቆም እንደሚችል፣ ማንስ ብቻ ሊለቅ እንደሚችል። «ልቀቁት» የሚለው ውሳኔ የአለቃው ከሆነ ይሁን፤ ግን ምክንያቱ ተጽፎ በስማቸው ይፈረም። ይህች አንዲት ፎርም ስንት «አስቸኳይ» ጭነት ማግሥት እንዲጠብቅ እንዳደረገች ብነግራችሁ አታምኑኝም።

ከጥቅማ ጥቅም ጋር ማያያዝም ይቻላል። ጃክ ዌልች ጄነራል ኤሌክትሪክን ሲመራ የኃላፊዎችን ቦነስ 40 በመቶ ከሲክስ ሲግማ (ስህተትን በስታቲስቲክስ የመቀነሻ ዘዴ) ውጤት ጋር አያይዞት ነበር። ኃይለኛ ነው፣ ግን በመጀመሪያው ዓመት አልመክረውም፤ ልኬታችሁ ገና ሳይጸና ገንዘብ ካሰራችሁበት ሰው ምርቱን ትቶ ቁጥሩን ማስተካከል ይጀምራል።

እምቢ ከተባለስ?

ይባላል። አንዳንዴ ድርጅቱ በእውነት በጥሬ ገንዘብ እጥረት ላይ ነው፣ አንዳንዴ አለቃው ሊለቁ ስድስት ወር ቀርቷቸዋል። በዚያ ሰሞን መግፋት ጥቅም የለውም፤ ለምን እንዳልሆነና መቼ ተመልሶ መምጣት እንደሚቻል ጠይቃችሁ ውጡ።

እስከዚያው አንድ ሥራ አታቋርጡ፦ በየወሩ አንድ ገጽ የስህተት ወጪ መዝገብ። አምስት መስመር ይበቃል፣ ያው ከላይ ያሉት። ለፋይናንስ ኃላፊው ቅጂ፣ ለራሳችሁ ቅጂ፤ ያለ አስተያየት፣ ያለ ቀይ ቀለም። አዲስ አለቃ ሲመጣ፣ ወይም ትልቁ ደንበኛ ዕቃውን ሙሉ ኮንቴይነር ሲመልስ፣ የመጀመሪያው ጥያቄ «ይህ ከመቼ ጀምሮ ነው?» ይሆናል። ያን ጊዜ የ14 ወር ገጽ ይዞ የሚገባው ሰው አንድ ብቻ ነው።